የራውተር ፑንታ ዕድሜ፦ ፎርማይካና ኮምፐርሳቶ ስንቆርጥ ስለቱ ለምን ቶሎ ይዶለዱማል?

ባለፈው ወር በወርክሾፖቹ በኩል ስታልፉ የተቃጠለ ነገር ሸትቷችሁ «ኧረ ምን ነደደ?» ብላችሁ የጠየቃችሁ ነበራችሁ። ዛሬ መልሱን በጽሑፍ እንሰጣለን። ያቃጠልነው እኛ የእንጨት ሥራ ክፍል የሁለተኛ ዓመት ዕጩ መምህራን ነን፤ የተቃጠለውም የራውተር ፑንታ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ለመለማመጃው አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት 12 የመጻሕፍት ቁም ሳጥን እንድንሠራ ታዘዝን። ጎኑና መደርደሪያው በፎርማይካ የተለበጠ ቺፑድ፣ ጀርባው ኮምፐርሳቶ ነው። ከዕቃ ግምጃ ቤት ሦስት ፑንታ ወጣልን። አራተኛውን ቁም ሳጥን ስንጨርስ ከሦስቱ ሁለቱ ሞተዋል። አንደኛው ጠቁሮ ሰማያዊ ሆነ፤ ሁለተኛው መቁረጡን ትቶ የቺፑዱን ጠርዝ ያሳርር ጀመር። የግምጃ ቤቱ ኃላፊ፣ ሁላችንም «ጋሼ» የምንላቸው፣ የቀረችውን አንዲት ፑንታ በመዳፋቸው ላይ አድርገው አሳዩንና «ልጆቼ፣ እኔ ዘንድ ሌላ የለም። ይህችንም ካቃጠላችሁ ስምንቱን ቁም ሳጥን በእጅ መጋዝና በሊማ ነው የምትጨርሱት» አሉን። ቀልድ መስሎን ሳቅን። እሳቸው ግን አልሳቁም።

መምህራችንም አልተቆጡም። የሞተውን ፑንታ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው «ይህን ማን ገደለው?» ብለው ጠየቁ። አንዳችን «ቺፑዱ ጠንካራ ስለሆነ ነው» አልን፤ አንዳችን «ፑንታው ርካሽ ስለሆነ ነው» አልን። «ሁለቱም ትንሽ ትንሽ እውነት አለበት፤ ዋናው ግን አልተነካም። አንድ ሳምንት ሰጥቻችኋለሁ፣ እስከዚያ ማሽኑ አይበራም» አሉ። የሚቀጥለው ጽሑፍ በዚያ ሳምንት ያጠናነውና ከዚያም በኋላ በሥራ የሞከርነው ነው።

ይህን ጉዳይ እንደ ተራ የዕቃ ብክነት ብቻ እንዳታዩብን እንለምናለን። በሚቀጥለው ዓመት እያንዳንዳችን ወደ አንድ ትምህርት ቤት እንመደባለን። በዚያም የምናገኘው አንድ ራውተርና አንድ ወይም ሁለት ፑንታ ሊሆን ይችላል። ተማሪው አርባ ነው እንበል። ፑንታዋ በመጀመሪያው ሳምንት ከሞተች አርባው ተማሪ ራውተር የሚማረው ከጥቁር ሰሌዳ ሥዕል ነው። ስለዚህ የፑንታ ዕድሜ ማለት ስንት ልጅ ማሽኑን በእጁ ይይዛል ማለት ነው።

የምንቆርጠው ነገር ምንድን ነው?

ዋንዛ ወይም ጽድ ስንቆርጥ የምንቆርጠው እንጨት ነው። ቺፑድ፣ ኮምፐርሳቶና ፎርማይካ ግን እንጨት ብቻ አይደሉም፤ እንጨትና የደረቀ ሙጫ ናቸው። ስለቱን የሚበላው ደግሞ በአመዛኙ ሙጫው ነው።

ኮምፐርሳቶ ከግንድ ላይ እንደ ወረቀት የተላጠ ስስ የእንጨት ቅጠል ተደራርቦ የሚሠራ ነው። የቅጠሎቹ ብዛት 3፣ 5፣ 7 እያለ በጎደሎ ቁጥር ይሄዳል፤ የአንዱ ጭረት ከሥሩ ካለው ጋር ተሻግሮ ይተኛል። እንዳይጣመም የሚያደርገው ይህ መሻገር ነው። በቅጠሎቹ መካከል ያለው ሙጫ ዩሪያ ፎርማልዴሃይድ ወይም ፊኖል ፎርማልዴሃይድ ሲሆን፣ በሙቀት ተጭኖ አንድ ጊዜ ከደረቀ በኋላ እንደ ሰም ተመልሶ አይቀልጥም። እንደ ብርጭቆ ደርቆ ይቀራል። ጠርዙን አስተውላችሁ ብታዩ፣ በተለይ ውኃ እንዲችል ተብሎ በተሠራው ላይ፣ ጥቁር መስመር መስመር ሆኖ የሚታየው ይኸው ሙጫ ነው።

ቺፑድ ደግሞ የተከተፈ እንጨት በሙጫ ተለውሶ የተጋገረ ነው። በእንጨቱ ክትፎ መካከል ከቅርፊትና ከመሬት የመጣ ደቃቅ አሸዋ አይጠፋም። አሸዋ ስለትን ምን እንደሚያደርግ በቤት ቢላ ድንጋይ ነክቶ የሚያውቅ ሁሉ ያውቀዋል። በተጨማሪም የቺፑድ ሁለቱ ገጽ ጥቅጥቅ ያለ፣ መሐሉ ሳሳ ያለ ነው፤ ስለዚህ ስለቱ ከላይና ከታች ይበልጥ ይበላል።

ከሁሉም የከፋው ፎርማይካ ነው። ይህ ነገር የተፈለሰፈው እ.ኤ.አ. በ1912 በአሜሪካ፣ በዌስቲንግሃውስ ኩባንያ ይሠሩ በነበሩት በዳንኤል ኦኮነርና በኸርበርት ፌበር ነው። ያን ጊዜ የታሰበው ለቁም ሳጥን አልነበረም፤ ሚካ የሚባለውን ማዕድን ተክቶ ኤሌክትሪክ እንዳያስተላልፍ ነበር። ስሙም የወጣው «በሚካ ፈንታ» ከሚል አነጋገር ነው። አሠራሩ፣ ቡናማ ወፍራም ወረቀት በፊኖል ሙጫ ተነክሮ ይደራረባል፤ በላዩ ቀለም ወይም የእንጨት መልክ የታተመበት ወረቀት በሜላሚን ሙጫ ተነክሮ ይደረባል፤ ከዚያ በከፍተኛ ሙቀትና ክብደት ይጨመቃል። ሜላሚን ማለት ያው በየቤታችን ቢወድቅ ቶሎ የማይሰበረው ሳህን የሚሠራበት ነገር ነው። በአጭሩ ፎርማይካ ስንቆርጥ ሳህን እየቆረጥን ነው ማለት ይቻላል።

ስለቱስ ከምን ተሠራ?

ከሞቱት ሁለት ፑንታዎች የመጀመሪያው ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ብረት ነበር። ይህ ኤች ኤስ ኤስ የሚባለው ብረት ነው። ለዋንዛና ለጽድ እጅግ ጥሩ ነው፤ ስለቱም እንደ ምላጭ ይሳላል። ነገር ግን ወደ 600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጠጋ ጥንካሬውን እያጣ ይሄዳል፤ የሙጫውንም ፍትጊያ አይችልም። እኛ ይህን ፑንታ ለፎርማይካ ስናስገባው አንድ ቁም ሳጥን እንኳ በወግ አልጨረሰም። እዚህ ላይ ጥፋቱ የኛ ነው፤ መጀመሪያውኑ ለዚያ ሥራ አልተፈጠረም።

ሁለተኛው አናጺዎች ዊዲያ የሚሉት ዓይነት ነበር። ዊዲያ የሚለው ስም የመጣው ከጀርመንኛ ነው፤ ትርጉሙም «እንደ አልማዝ» ማለት ነው። በኦስራም ኩባንያ ይሠራ የነበረው ካርል ሽሮተር እ.ኤ.አ. በ1923 የተንግስተን ካርባይድን ደቃቅ ፍሬዎች በኮባልት እያያያዘ ጠንካራ ነገር መሥራት ቻለ፤ ከዚያ የክሩፕ ፋብሪካ በዊዲያ ስም ለገበያ አቀረበው። አሠራሩን በሲሚንቶና በጠጠር ብንመስለው ያስኬዳል። ጠጠሩ ካርባይዱ ነው፤ ጠጠሩን የያዘው ሲሚንቶ ኮባልቱ ነው። ስለቱ ሲያልቅ በመጀመሪያ የሚበላው ኮባልቱ ነው፤ አሸዋው ይፍቀዋል፤ ከእንጨቱና ከጋለው ሙጫ የሚወጣው አሲድነት ያለው ነገርም ያዳክመዋል። ሲሚንቶው ሲሄድ ጠጠሩ አንድ በአንድ ይረግፋል።

ዊዲያን ለመለየት ቀላል ነው። በፑንታው አካል ላይ የተለጠፈ፣ መልኩ ግራጫ የሆነ ቁራጭ ታያላችሁ፤ በመካከላቸውም የብየዳው ቀጭን መስመር አለ። ሙሉ በሙሉ ከካርባይድ የተሠራም አለ፤ ይህ ውድ ነው፤ በእጅ ሲያነሡት ከመጠኑ ይልቅ ይከብዳል። ፎርማይካም ሆነ ቺፑድ ወይም ኮምፐርሳቶ ለመቁረጥ ከዊዲያ በታች መግዛት ገንዘብ መጣል ነው፤ ዋጋው ርካሽ ይመስላል እንጂ በአንድ ቁም ሳጥን ሲካፈል ውድ ሆኖ ይገኛል። ከዊዲያ በላይ ያለው ደግሞ በጫፉ ላይ የአልማዝ ቅንጣት ተጨምቆ የተለጠፈበት፣ ፒሲዲ የሚባለው ነው። በቺፑድ ላይ ከዊዲያ በብዙ እጥፍ ይሠራል። በኮምፒዩተር የሚመሩ ማሽኖች ያሏቸው ትልልቅ ፋብሪካዎች ይጠቀሙበታል። አንድ ሚስማር ቢነካ ግን ይሰነጠቃል፤ በተማሪ እጅ ባለ ራውተር ላይ እንዲገባ አንመክርም።

ታዲያ ሁለተኛው ፑንታ ዊዲያ ከሆነ ለምን ሞተ? መምህራችን ያልተነካ ያሉት ይህን ነበር።

ስሌቱ

እኛ በሥራው ወቅት የምንኮራበት አንድ ነገር ነበረን፤ ቀስ ብለን ነው የምንገፋው። አንድ ሜትር ጠርዝ ለመቁረጥ አንድ ደቂቃ ያህል እንወስድ ነበር። ጥንቃቄ መስሎን ነው። መምህራችን ጠመኔ ሰጡንና «እስቲ ይህን ጥንቃቄያችሁን በቁጥር አስቀምጡት» አሉን።

ፑንታችን ዲያሜትሩ 12 ሚሊ ሜትር፣ ባለ ሁለት ስለት ነው። ራውተሩን ያስተካከልነው በደቂቃ 18,000 ዙር ላይ ነበር። የፑንታው ዙሪያ 37.7 ሚሊ ሜትር ነው። ቦርዱን መሐል ለመሐል ስንሰነጥቅ እያንዳንዱ ስለት በአንድ ዙር ውስጥ ግማሹን ዙሪያ፣ ማለትም 18.85 ሚሊ ሜትር፣ በቦርዱ ውስጥ እየታከከ ይሄዳል። በአንድ ደቂቃ 18,000 ጊዜ ሲሆን 339 ሜትር መጣ። ያንዳችንም ግምት እዚህ ቁጥር አጠገብ አልደረሰም ነበር። አንድ ሜትር ለመቁረጥ ስለቱ በሙጫና በአሸዋ ውስጥ 339 ሜትር ተጉዟል!

ያንኑ ሜትር በ20 ሴኮንድ ብንገፋው፣ ማለትም በደቂቃ 3 ሜትር፣ ዙሩ 6,000 ብቻ ይሆናል፤ የስለቱም ጉዞ ወደ 113 ሜትር ይወርዳል። ሥራው ያው ነው፣ ፑንታው ያው ነው፣ ድካሙ ግን ሲሶ ሆነ።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ደግ ነበር። ሌላም አለ። በደቂቃ አንድ ሜትር ስንገፋ እያንዳንዱ ስለት በአንድ ምት የሚያነሳው ፍቅፋቂ ስንት ነው? 1,000 ሚሊ ሜትር ለ36,000 ምት ሲካፈል 0.028 ሚሊ ሜትር ይሆናል። የሰው ፀጉር ውፍረት 0.07 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፤ ስለዚህ ፍቅፋቂያችን ከፀጉር ግማሽ በታች ነው። ስለት ደግሞ ምንም ቢሳል ጫፉ በጣም በትንሹ ክብ ነው፤ በሠራ ቁጥርም ክብነቱ ይጨምራል። ፍቅፋቂው ከዚያ ክብነት አንጻር እየሳሳ ሲሄድ ስለቱ እንጨቱን መንከስ ያቅተውና ላዩ ላይ እየተንሸራተተ ይፈትገዋል። ፍትጊያ ሙቀት ነው። ብረት የሚቆርጥ ሰው ሙቀቱን ብረቱ ራሱ ይወስድለታል፤ ውኃም ያፈስበታል። እንጨት ግን ሙቀት አያስተላልፍም፤ የማማሰያ እጀታ ከእንጨት የሚሆነው ለዚህ አይደል? ስለዚህ የሚወለደው ሙቀት አብዛኛው ወደ ፑንታው ይገባል። የጋለው ፑንታ ይዶለዱማል፤ የዶለዶመው ይበልጥ ይፈትጋል፤ የፈተገው ይበልጥ ይግላል። ሁለተኛውን ፑንታ የገደለው ይህ ነው። ቀስ ማለታችን ገደለው።

በ3 ሜትሩ ፍጥነት ግን ፍቅፋቂው 0.083 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ ስለቱም ይነክሳል።

እዚህ ላይ በመካከላችን ክርክር ተነሣ። ከኛ አንዷ «ይህን ለተማሪ እንዴት አድርገን ነው የምናስተምረው? ፍጠኑ ብንላቸው እጃቸውን ያስቆርጣሉ» አለች። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ግማሽ ቀን ተከራክረንበታል። በመጨረሻ የተስማማነው በሁለት ነገር ነው።

አንደኛው፣ ራውተሩ የሚቆርጠውን መቀነስ ነው። ቦርዱን አስቀድሞ በመጋዝ ከመስመሩ 2 ሚሊ ሜትር አስተርፎ መቁረጥ፤ ራውተሩ ያቺን 2 ሚሊ ሜትር ብቻ ያስተካክል። እንግዲህ አስሉት፤ ባለ 12 ሚሊ ሜትሩ ፑንታ 2 ሚሊ ሜትር ብቻ ሲነካ እያንዳንዱ ስለት በአንድ ዙር የሚታከከው ግማሽ ዙሪያውን ሳይሆን 5 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። በ20 ሴኮንድ ለ6,000 ዙር 30 ሜትር ይመጣል። ከ339 ወደ 30! ማሽኑም አያቃስትም፣ እጅም አይደክምም፣ ስለዚህ ፍጥነቱ አያስፈራም። በአንድ ጊዜ 18 ሚሊ ሜትር ውፍረት በራውተር መሰንጠቅ የሚያምረው በፋብሪካ ማሽን ነው።

ሁለተኛው፣ ማሽኑን ሳያበሩ መለማመድ ነው። የኤሌክትሪኩን ገመድ ከሶኬት ነቅለን፣ ፑንታውን አውጥተን፣ አንዳችን ሰዓት ይዘን ሌላችን ራውተሩን በ1 ሜትር ቦርድ ላይ በ20 ሴኮንድ እናስኬዳለን። በመጀመሪያው ቀን ሁላችንም ወይ 10 ወይ 50 ሴኮንድ ነበርን። በሦስተኛው ቀን 20ው እጃችን ውስጥ ገባ። ይህን ልምምድ አርባ ተማሪ ምንም ፑንታ ሳያጠፋ ሊያደርገው ይችላል። አቅጣጫውንም አብሮ ይማራል፤ የቦርዱን ውጫዊ ጠርዝ ስንዞር ከሰዓት እጅ አዟዟር በተቃራኒ፣ ውስጡ የተቦረቦረ ቀዳዳ ስንዞር ግን እንደ ሰዓት እጅ። በተገላቢጦሽ ከሄዱ ማሽኑ ራሱ እየጎተተ ይዞ ይሮጣል፤ ያን ጊዜ ነው እጅ የሚቆረጠው።

ፍጥነት ማስተካከያ ያለው ራውተር ከሆነ ዙሩን ዝቅ ማድረግም ያው ውጤት አለው፤ በተለይ ሰፋፊ ፑንታ ሲገባ ግድ ነው። ባለ 50 ሚሊ ሜትር ፑንታ በ24,000 ዙር ቢሽከረከር ጫፉ በሴኮንድ 63 ሜትር ያህል ይበራል። ይህ ለፑንታውም ለቆመውም ሰው አይሆንም።

ትክክል እየሠራን መሆናችንን በምን እናውቃለን? በሰጋቱራው። ከራውተሩ ሥር የወጣውን ዘገን አድርጋችሁ በጣታችሁ እሹት። እንደ ሽሮ ከላመ፣ ቡናማ ከሆነና ሽታው ከከረፋ እየፈተግን ነው። ፍሬ ፍሬ ካለውና የቦርዱን መልክ ከያዘ እየቆረጥን ነው። ድምፁም ይለያል፤ ፍትጊያ ያፏጫል፣ መቁረጥ ያጉረመርማል። (አፍና አፍንጫን ሸፍኖ ነው ታዲያ። የእንጨት ብናኝ ካንሰር እንደሚያመጣ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ1995 መድቦታል፤ የቺፑድ ብናኝ ደግሞ ሙጫውም አለበት።)

አንድ ቦታ ብቻ የምትበላ ጥርስ

የሞተውን ዊዲያ በባዮሎጂ ክፍል ማጉያ መነጽር ብናየው አንድ ያልጠበቅነው ነገር አገኘን። ስለቱ 25 ሚሊ ሜትር ርዝመት አለው። ከዚያ ውስጥ ክፉኛ የተበላችው አንዲት ስስ መስመር ናት፤ እንደ ክር የምታክል ጎድጓዳ። ከላይዋም ከታችዋም ያለው ስለት ከሞላ ጎደል ደኅና ነው። ያቺ መስመር ፎርማይካው የሚያልፍባት ቦታ ነበረች። ፎርማይካ አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ እኛም የራውተሩን ከፍታ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አልነካነውም። በሌላ አነጋገር 25 ሚሊ ሜትር ስለት ገዝተን በ1 ሚሊ ሜትር ብቻ ስንሠራ ቆይተን «ፑንታው አለቀ» ብለን ጣልነው።

መድኃኒቱ ገንዘብ አያስወጣም። ጥቂት ቁም ሳጥን በሠራን ቁጥር ፑንታውን 2 ሚሊ ሜትር ዝቅ ወይም ከፍ ማድረግ ነው። ፎርማይካው አዲስ ስለት ያገኛል። ወሰኑ አንድ ብቻ ነው፤ በጫፉ ኩሽኔታ ያለው ፑንታ ከሆነ ኩሽኔታው የቦርዱን ጠርዝ እንደተደገፈ መቆየት አለበት። ኮምፐርሳቶ ላይም እንዲሁ ነው፤ የሙጫው መስመሮች በስለቱ ላይ በየቦታቸው ምልክት ያወጣሉ፤ ከፍታው ሲቀየር የበላው ቦታ እንጨቱ ላይ፣ ያልተበላው ሙጫው ላይ ይውላል።

ስለ ኩሽኔታው ካነሣን፣ ፎርማይካ የምንለጥፍበት ማስቲሽ በደንብ ሳይደርቅ ጠርዙን መቁረጥ ክልክል ነው። እርጥብ ማስቲሽ ከሰጋቱራ ጋር ተለውሶ ኩሽኔታው ላይ ይጋገራል፤ ኩሽኔታው ይታሰራል፤ ከዚያ ከፑንታው ጋር አብሮ እየተሽከረከረ ቆንጆውን ፎርማይካ ያሳርረዋል። ከአራቱ ቁም ሳጥኖች በሦስተኛው በር ላይ የምታዩት ጥቁር ጭረት የዚህ ውጤት ነው። ሸፍነነው ነበር፤ መምህራችን አዩት።

ቅርጹን በተመለከተ በአጭሩ እንለፍ። ቀጥ ያለ ስለት ለብዙው ሥራ ይበቃል። ጠመዝማዛ ስለት ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ ፍቅፋቂውን ወደ ላይ ይስባል፣ የታችኛው ገጽ ንጹሕ ይወጣል፣ የላይኛው ይላጣል፤ ሌላው ወደ ታች ይገፋል፣ የላይኛው ያምራል፣ የታችኛው ይበላሻል። በሁለቱም ገጽ ፎርማይካ ላለው ቦርድ ሁለቱን ባንድ ላይ ያጣመረ ፑንታ አለ፤ ከጫፉ ወደ ላይ፣ ከመሐሉ ወደ ታች ይገፋና ሁለቱንም ገጽ ወደ ውስጥ ይጨምቃል። ይህ የሚሠራው ወደ ላይ የሚስበው ጫፉ ከላይኛው ገጽ በታች ሙሉ በሙሉ ከገባ ብቻ ነው፤ ካልገባ ይልጠዋል። እኛ ዘንድ የለም።

የተቀረው የእጅ ጥበብና ልማድ ነው። ጋሼ ያስተማሩን እነሆ። ከሥራ በኋላ ፑንታው ላይ የተጋገረውን ሙጫ በቢላ አትፋቁ፤ የዱቄት ሳሙና በበዛበት ለብ ያለ ውኃ ለሩብ ሰዓት ንከሩትና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ እሹት። እምቢ ካለ በነጭ ጋዝ፤ ከእሳት ርቆ። ብርቱ የምድጃ ማጽጃ ኬሚካል አያስፈልግም፤ ኮባልቱንና ብየዳውን ይጎዳል። ኩሽኔታ ግን ፈትቶ ማውጣት ነው፤ ከተነከረ በውስጡ ያለው ግራሶ ታጥቦ ይሄዳል። ካጸዱ በኋላ ወዲያው ማድረቅና ቀጭን ዘይት ማስነካት። ዊዲያ ጠንካራ ነው፣ ግን እንደ ሸክላ ነው፤ ሁለት ፑንታ በአንድ ቆርቆሮ ውስጥ ሲንኳኳ ስለቱ ይፈረፈራል። ስለዚህ የዋንዛ ቁራጭ ላይ በትራፓኖ ቀዳዳ እየበሳን ለእያንዳንዱ ቤት ሠራንለት።

የፑንታው ዘንግ የሚገባበት፣ ኮሌት የሚባለው መያዣም ንጹሕ መሆን አለበት። ዘንጉን እስከ መጨረሻው ካስገባችሁ በኋላ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር መልሳችሁ ሳቡትና አጥብቁ፤ መሬት ነክቶ ከጠበቀ ሲግል ይላላል። ልኩንም አስተውሉ። በገበያ ላይ ባለ 6 ሚሊ ሜትርና ባለ ሩብ ኢንች ዘንግ ጎን ለጎን ይሸጣሉ፤ ሩብ ኢንች 6.35 ሚሊ ሜትር ነው። ባለ 12ና ባለ ግማሽ ኢንች፣ ማለትም 12.7፣ እንዲሁ። በዓይን አይለዩም። ትንሹን በትልቁ መያዣ አስገብቶ በወረቀት ጠቅልሎ ማጥበቅ አንዳንድ ቦታ ይታያል፤ ይህ ፑንታን ብቻ ሳይሆን ሰውንም ይገድላል። የሚንቀጠቀጥ ፑንታ በአንድ ስለቱ ብቻ ስለሚቆርጥ ዕድሜውም ግማሽ ነው።

መሳልን በተመለከተ፣ ዊዲያን ሊማም ሆነ የቢላ መሳያ ድንጋይ አይነካውም። የሚያስፈልገው አልማዝ የተለጠፈበት ሰሌዳ ነው። የሚሳለውም የስለቱ ጠፍጣፋ የውስጥ ፊት ነው፤ ውጩ ከተነካ ዲያሜትሩ ይቀንሳል፣ ከኩሽኔታው ጋር መገጣጠሙም ይቀራል። ሁለቱንም ስለት እኩል ቁጥር ማሸት ያስፈልጋል፤ አንዱን አሥር ካላችሁ ሌላውንም አሥር።

ከሳምንቱ ጥናት በኋላ ማሽኑ ሲበራልን በእጃችን ያለችው ያቺ ሦስተኛ ፑንታ ብቻ ነበረች። በመጀመሪያው ቀን ሁላችንም ፈርተን «አንተ ጀምር»፣ «አንቺ ጀምሪ» ስንባባል ረፈደ። ከዚያ ቦርዱን በመጋዝ 2 ሚሊ ሜትር እያስተረፍን፣ በሜትር 20 ሴኮንድ እየገፋን፣ በየሁለት ቁም ሳጥኑ ከፍታውን እየለወጥን ሄድን። ሰባቱን ጨረስን። በስምንተኛው መጀመሪያ ላይ የፎርማይካው ጠርዝ በጥቂቱ መላጥ ሲጀምር ጋሼ ከቤታቸው የራሳቸውን የአልማዝ ሰሌዳ አምጥተው አሥር አሥር ጊዜ አሸናት፤ ስምንተኛውም አለቀ። በአንድ ቁም ሳጥን 14 ሜትር ጠርዝ ስለ ነበር ፑንታዋ 112 ሜትር ሠርታለች።

አሁን በዋንዛው ማስቀመጫ ሦስተኛ ቀዳዳ ውስጥ ናት። በአንገቷ ላይ በክር የታሰረ ወረቀት አለ፤ የሠራችው ሜትር፣ የተሳለችበት ቀንና አሁን ያለችበት ከፍታ ተጽፎበታል። ከኛ በኋላ የምትረከቧት የአንደኛ ዓመት ዕጩ መምህራን፣ ስትመልሱ ከ112 በታች ያለውን መስመር ሞልታችሁ ነው ለጋሼ የምታስረክቡት።